ጣሳ የሚለካው እንግዳ

ቆቦ አዲስ ሰው ሲመጣ ማንነቱን አንጠይቅም፤ ሥጋ ከየት እንደሚገዛ እናያለን። መስቀል ከተሳለበት ሥጋ ቤት ከገባ አንድ ነው፤ ጨረቃ ከተሳለበት ከገባ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያ በየትኛው በዓል እንኳን አደረሰህ እንደሚባል፣ ሰርግ ላይ የትኛው ድንኳን እንደሚቀመጥ፣ ክፉ ቢደርስበት ማን ቀድሞ እንደሚሄድለት ይታወቃል። ነገሩ ያልቃል። ይሄ ሰውዬ ግን የመጣ ሰሞን በሁለቱም በር ፊት ለፊት አለፈ። በማግስቱም አለፈ። ወር ሙሉ አለፈ።

ህንድ ነው። ቀጭን፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ጠቅጥቆ የሚለብስ፣ በእኛ ሙቀት እንኳ የአንገት ቁልፉን የማይፈታ። ከአስፋልቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዋጃ ይሄዳል፤ ከሰዓት ተመልሶ ገበያ ይገባል።

"ጾም ይዞ ይሆናል" አለች አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ መጀመሪያ ሰሞን። ጾሙ ተፈታ፤ ሰውዬው አልፈታም። "እንግዲህ የእናንተ ነው፤ ረመዳን ይሆናል" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ረመዳን ሥጋ አይከለክልም እታለም። ደግሞም በቀትር ሙዝ ሲልጥ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱን ነው እኔም የምለው።"

እኔ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራና ባቄላ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን የተማርኩት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰው ወደ መደቤ ሲመጣ ገና ከሦስት መደብ ርቀት ምን ያህል እንደሚገዛ፣ ምን ያህል እንደሚከራከር፣ ጥሎኝ ሄዶ እንደሚመለስና እንደማይመለስ አውቃለሁ። ይሄ ሰውዬ ግን አልታወቅ አለኝ።

አገዛዙን ልንገራችሁ። ከረድፉ ራስ ይጀምራል። "ስንት?" ይላል፤ ከአማርኛ የያዛት ያቺን ብቻ ነው። ዋጋውን ሰምቶ ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። እሺ ይሁን እምቢ፣ አይለይም። ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ "ስንት?" እስከ ረድፉ ጫፍ እንዲሁ ይወርድና ይመለሳል። ተመልሶ ሲያበቃ የሚገዛው አንድ ጣሳ ምስር፣ ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ቲማቲም፣ በወረቀት የምትቋጠር እርድ ነው።

"ለአንድ ጣሳ ምስር ይሄ ሁሉ መንገድ!" ትላለች በርበሬ ሻጯ። "የሚጨርሰው ጫማ ከምስሩ አይበልጥም?"

እኔ ግን ይህን አገዛዝ አውቀዋለሁ፤ ገዝቼበታለሁና። በየመን በኩል ተሻግሬ ጅዳ አራት ዓመት ስኖር፣ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል፣ ሸመታው የእኔ ድርሻ ነበር። የትናንት ዳቦ በግማሽ የሚለቀው የትኛው ሱቅ እንደሆነ፣ የለሰለሰ ቲማቲም ከመጣሉ በፊት በሳጥን የሚሰጠው የትኛው አትክልት ሻጭ እንደሆነ፣ የዶሮ ጀርባና አንገት ለብቻው የት እንደሚገኝ እግሬ ያውቀው ነበር። አንድ ባለሱቅ ገና ስገባ ከወንበሩ ተነስቶ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ከኋላዬ ይከተለኛል። ዋጋ አይቶ ዕቃ የሚመልስ ሰው አይወድም ነበር።

እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ለእንግዳ ይራራል ትሉ ይሆናል። እኔ የጠረጠርኩት ስላየሁት ነው። ባለሱቁ አልተሳሳተም፤ ሁለት ቆርቆሮ ቱና ከእሱ ሱቅ ሳይከፈልባቸው ወጥተዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ጣሳው። በእኛ ገበያ ጥራጥሬ በጣሳ ይሰፈራል። ጣሳው ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ የሁላችንም። የአንዱ በመዶሻ፣ የአንዱ በድንጋይ፣ የአንዱ ደግሞ "ወድቆብኝ ነው የተሰረጎደው፣ ወላሂ" ተብሎ። ገዢው አያውቅም እንዳትሉ፤ ከጎብዬ ለገበያ የምትመጣ ባልቴት ሳትቀር ታውቃለች። ስለዚህ ተሰፍሮላት ሲያልቅ ነጠላዋን እንደዘረጋች አትነቃነቅም።

"መርቅ እንጂ!"

"ኧረ ሞልቶልሻል!"

"መርቅ አልኩህ፣ እጅህ ታሟል እንዴ?"

አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። "ይሄ እፍኝ ነው ወይስ ቁንጥጫ?" ትለኛለች። ሌላ እጨምራለሁ። ጣሳው ያስቀረውን ምርቃቱ ይመልሳል፤ ተሰዳድበን፣ ተመራርቀን፣ ማንም ሳይበደል እንለያያለን። ይህን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ህንዱ ብቻ ነው የተሰፈረለትን ተቀብሎ፣ በዓረብኛ "ሹክራን" ብሎ የሚሄደው። ስለዚህ በቆቦ ገበያ በእውነት የሚሰረቅ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። አላየሁም አልልም። አይቻለሁ፤ ዝም ብያለሁ።

አንድ ቀን ፌስታል ላወጣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ባዶ ጣሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ቆሟል። ሰውዬው በአውራ ጣቱ ከጣሳው አፍ እኩል ይዞታል። በሌላ እጁ ስልኩን አወጣና ቀጭ አደረገው። ከዚያ እስክሪብቶውን የደረት ኪሱ ውስጥ መልሶ ፈገግ አለልኝ።

ከጦርነቱ ወዲህ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አንወድም። ጣሳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊትም አይተን አናውቅም።

"ተቆጣጣሪ ነው" አልኳት ጎረቤቴን። "የመለኪያ ተቆጣጣሪ።"

"ህንድ ተቆጣጣሪ?"

"የእኛን ሰው ቡና ጋብዘን እንመልሰዋለንና። ከሩቅ ያመጡት ለዚያ ነው።"

ይህ ያን ጊዜ ትልቅ ማስተዋል መስሎኝ ነበር። ወሬውም ከእኔ አፍ ወጥቶ የረድፉ ጫፍ እስኪደርስ ሁለት ተጨማሪ ነገር አብቅሏል፤ ሰውዬው በየሳምንቱ ለአዲስ አበባ ይልካል፣ ቅጣቱም መደብ መነጠቅ ነው ተባለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሚዛን ያልነበረው ሁሉ ሚዛን ተውሶ መጣ። በርበሬ ሻጯ ጣሳዋን ጆንያ ሥር ቀብራ በእፍኝ ትሸጥ ጀመር። ህንዱ እስክሪብቶውን ይዞ ከረድፉ ራስ እስከ ጫፍ ወረደ፤ የሚለካው አጣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ተቆጣጣሪ ሌባ ሲያመልጠው የሚያሳየው ዓይነት አልነበረም። ልጅ ማስቲካው ሲወድቅበት የሚያሳየው ዓይነት ነበር። ይሄ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው።

ልፈትነው ፈለግሁ። ምስሩን በተዋስኩት ሚዛን መዝኜ ሳበቃ ሳይጠይቀኝ አንድ ሙሉ እፍኝ ጨመርኩለት። ፌስታሉን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ እፍኝ የምታህለውን በጥንቃቄ ቀንሶ ወደ ጆንያዬ መለሰልኝ።

"ጉድ!" አለች በርበሬ ሻጯ። "ምርቃት መለሰ!"

በዕድሜዬ ምርቃት የመለሰ ሰው አላየሁም። ያን ጊዜ ነው ከጅዳ የለቃቀምኳትን ዓረብኛ አውጥቼ ፊት ለፊት የጠየቅሁት። እሱም ዱባይ ሠርቶ ኖሮ ከእኔ የማትሻል ዓረብኛ ነበረችው።

"አንተ መንግሥት ነህ?"

"እኔ ፓምፕ ነኝ" አለኝ።

"ለምን መለስከው?"

"ያልጠየቅሁትን ሲሰጡኝ በኋላ ያስከፍሉኛል። ዱባይ እንደዚያ ነው።"

ቀስ በቀስ፣ በእጅም በዓረብኛም፣ ነገሩን አስረዳኝ። በዋጃ በኩል ገበሬዎች ሽንኩርት የሚያጠጡበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ፓምፑ ተበላሽቷል፤ እሱን እንዲጠግን ነው የመጣው። ያመጣው ተቋራጭ የአምስት ወር ደመወዙን የሚሰጠው ውኃው ወጥቶ ርክክቡ ሲፈረም ነው። የጎደለው ዕቃ ደግሞ መንገድ ላይ ነው ይባላል፤ ከተባለ ሁለት ወር ሆነው። ትቶ ቢሄድ ያ አምስት ወር ሁሉ ቀለጠ። ቤቱ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉ። እስከዚያ የሚበላው ኪሱ ውስጥ ባለው ነው። "ፉሉስ ማፊ" አለኝ፤ ገንዘብ የለም። ይህን ያላለ የጅዳ ሰው የለም።

ግማሹን አመንኩት። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አልለየሁም።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ሚዛን የተዋሱት ሰለቻቸው፤ ጣሳዎቹ ከየተቀበሩበት ወጡ። በአንድ የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከሽምብራ ተራ በኩል ጩኸት ሰማን። የገበያው ጥበቃ ህንዱን በክንዱ ይዞ፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ እየጎተተ መጣ። ከኋላው ግማሽ ገበያ ተከትሎታል።

"ሰላይ ነው! አርባ ጣሳ! አርባ ጣሳ ፎቶ አንስቷል!"

የገበያው ሽማግሌ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው፣ ጨው ተራ ከአፋሮች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ተጠርተው መጡ። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና አንድ በአንድ አዩት። ጣሳ። እስክሪብቶ የቆመበት ጣሳ። ሌላ ጣሳ።

"ጣሳ ምኑ ይሰለላል?" አሉ።

"እሱን ነው የምንጠይቀው አባ። እንጨት የመሰለ ነገር እየተከለበት ነው የሚያነሳው።"

"እስክሪብቶ ነው" አለ አንዱ።

"እስክሪብቶ መሆኑን በምን አወቅህ?"

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ጫር ጫር አደረጉበት። "ይጽፋል" አሉ። ሰዉ ግን አልበረደም። አንዱ ሥጋ አለመብላቱን አነሳ፤ ሌላው በየቀኑ ዋጃ የሚሄደው ምን ሊያይ ነው አለ። ሽማግሌው ብዙ ካዳመጡ በኋላ፣ "እንግዲህ ነገሩ እስኪጣራ ዛሬውኑ በወልድያ መኪና ይሂድ። እዚያ የሚያውቅ ሰው ይጠይቀው" ብለው ፈረዱ።

ህንዱ ከዚህ ሁሉ የገባችው "ወልድያ" የምትለው ብቻ ነበረች። በቃችው። ፊቱ አመድ መሰለ። ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ በዓረብኛ ሳያቋርጥ ይለፈልፍልኝ ጀመር።

"ምን ይላል?" አሉኝ ሽማግሌው። "አንተ ዓረብ አገር ኖረሃል፤ ተርጉም።"

ያለው ይህን ነበር። ጣሳው ሁሉ ይለያያል፤ ቤቱ ወስዶ ሲሰፍረው አንዱ ሦስት ቀን ያበላዋል፣ አንዱ ሁለት ቀን። ስለዚህ ጥልቁን ጣሳ ለማግኘት ሁሉንም ለካ። ፎቶው የማን ጣሳ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋው ነው። ንገራቸው፣ ንገራቸው ይለኛል።

ረድፉን አየሁ። ስንት ዓመት አብረውኝ የተቀመጡ ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አስተያየት እያዩኝ ነው። በርበሬ ሻጯ ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ፣ "ጣሳ ፎቶ መሰብሰብ ይወዳል በላቸው ወንድምዓለም፤ ህንድ አይደለ፣ ያምኑሃል" አለችኝ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ዓረብኛው አልገባኝም ማለትም ነበር። ጥሩ ሰው ይህን ሳያስብ እውነቱን ይናገራል። እኔ አሰብኩ። ሰውዬው መኪና ላይ ቢወጣ ጣሳዬን የሚለካ አይኖርም፤ አምስት ወሩ ግን ይቀልጣል። የንጽሕናው ማስረጃ እሱ ስልክ ውስጥ፣ የመለካቱ ምክንያት ደግሞ እኔ እጅ ውስጥ ነበር።

"ጣሳችን እኩል አይደለም ነው የሚለው አባቴ" አልኩ። "ትልቁን እየፈለገ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ረድፉ ዞሩ።

"የማን ነው የሚያንሰው?"

"የሁላችንም።"

"ለራስህ ተናገር!" አለ ክክ ሻጩ። "አንተ ባለጌ!" የሚልም ሰማሁ።

"እሺ፣ ለራሴ። የእኔ ይኸው።" ጣሳዬን አቀበልኳቸው።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን አቆሙበት። አወጡት። ጣሳውን ገልብጠው ቂጡን በጣታቸው ዳበሱት። "ይሄ ወድቆ ነው?"

"በመዶሻ ነው አባቴ።"

"ስንቴ መታኸው?"

"ሦስቴ። አንዱን ስቼ ጣቴን ነው።"

ሳቅ ተነሳ፤ መጀመሪያ ከገዢዎቹ በኩል። አንዲት ባልቴት፣ "ይሄንን ማን አጣው! ለዚህ አይደል መርቅ እያልን የምንጮህ?" አለች።

"ለእሱስ ይመረቅለታል?" ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

"አይጠይቅም" አልኩ።

"ጠይቅ ብሎ ማን ነገረው?"

"ማንም።"

ሽማግሌው ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ። ጣሳዬን ግን ያዙት። "ይቀመጥ" አሉ። "ዋስ ግን ያስፈልገዋል። ያለበትን የሚያውቅ፣ ጥፋት ቢገኝበት የሚጠየቅ ሰው።" ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

"አባቴ፣ እኔ እኮ አላምነውም።"

"እመነው አላልኩህም። ዋስ ሁነው ነው ያልኩህ።"

ሆንኩ። በማግስቱ ጠዋት መደቤን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወደ ዋጃ ተሳፈርኩ። ዋስ የሆንኩለት ሰው ፓምፕ ያለው መሆኑን ገና አላየሁም ነበርና። ከአስፋልቱ በባጃጅ ገብቼ ደረስኩ። ፓምፕ አለ። ብረቱ ሸራ ላይ እንደ ታረደ በሬ ብልት በብልት ተዘርግቷል፤ ሰውዬው መካከሉ ተቀምጦ በጨርቅ ይወለውላል። ዙሪያውን የሽንኩርት ችግኝ ቢጫ ሆኗል። ገበሬዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም የእሱኑ ታሪክ ነገሩኝ። ተነጋግረው ይሆናል ብዬ አንዱን ለብቻ ወስጄ ደገምኩት። ያው ነው።

ምሳ አቀረበልኝ፤ ምስር በዳቦ። ለምን ሥጋ እንደማይበላ ጠየቅሁት። በቤታቸው ከአያቶቹ ጀምሮ ተበልቶ አያውቅም አለኝ። ይህን እስከዛሬ አላመንኩትም። ስናኝክ ጥርሴ ሥር ጠጠር ገባ። የማን ምስር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ስመለስ አብሮኝ ተሳፈረ፤ መንገዱን ሁሉ "መርቅልኝ" ማለትን አስጠናሁት። ጥፋቴ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከረድፉ ራስ ጀምሮ፣ "መርቅልኝ! መርቂልኝ!" እያለ ሲወርድ ፌስታሉ ሳይገዛ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለምርቃት መጀመሪያ መግዛት እንዳለበት ዘንግቼ አልነገርኩትም።

"ያንተን ጉድ ና ያዝ!" ብላ ጮኸችብኝ በርበሬ ሻጯ። "ዋስ አይደለህም?"

ሽማግሌው ጣሳዬን አልመለሱልኝም፤ ቂጡ ደህና የሆነ ገዛሁ። ደንበኞቼ ግን ምርቃታቸውን እንደ ድሮው ጠየቁ፤ እንዲያውም የጣቴን ነገር እያነሱ ሁለት እፍኝ ማለት ጀመሩ። ሙሉ ጣሳና ሙሉ ምርቃት አብረው አይሄዱም። ዋጋ ጨመርኩ። የጣሳዬን ሙላት ሲያደንቁ የከረሙት ያን ቀን ሌባ አሉኝ።

ዕቃው የመጣው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ውኃው ሲወጣ እዚያው ነበርኩ፤ ዋስ ነኝና። መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ገበሬዎቹ እልል አሉ። ህንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንገት ቁልፉን ፈታ። ተቋራጩ መኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቶ ፈረመ። አሳየኝ አልኩት። እንግሊዝኛ ነው፤ ማኅተሙን ብቻ አገላብጬ አየሁ። ከዚያም ባንክ በር ላይ ቆሜ ህንዱ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ሲወጣ ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። በዚህ ጊዜ እሺ መሆኑን ለየሁት።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ሲቀመጥ አየሁት፤ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም መለስኩ። መኪናው ሞልቶ እስኪወጣ፣ ኬላውን አልፎ የወልድያን መንገድ እስኪይዝ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጨው ተራ ሄድኩ።

"ሸኘኸው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አይ አባቴ። መሄዱን አረጋገጥኩ።"

"ይሁን" አሉና ዋስነቴን አወረዱልኝ።